ፍሳሽ ውሃ፦ ሲጣራ ሀብት፣ ሳይጣራ ጠንቅ

በአዲስ አበባ ገበያዎች ከሚሸጠው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ከፊሉ የሚበቅለው በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ ነው። ወንዞቹ የከተማይቱን ፍሳሽና የፋብሪካዎችን ጥራጊ ይዘው ይወርዳሉ። ገበሬው ግን ውሃው በበጋ ስለማይነጥፍና አትክልቱን ስለሚያፋፋለት ይጠቀምበታል፤ ቤተሰቡም የሚተዳደረው በዚሁ ነው። ታዲያ ገበሬውን ከውሃው እናርቀው ወይስ ውሃውን እናጣራለት? ማጣራቱ ምን እንደሚያስገኝ በስሌት እንመልከት።

10,000 ሕዝብ የሚኖርባትን ከተማ እንውሰድ። ከእያንዳንዱ ሰው በቀን 80 ሊትር ፍሳሽ ቢሰበሰብ፣ በቀን 800፣ በዓመት ደግሞ 292,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሄክታር የአትክልት ማሳ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢፈልግ፣ ይህ ለ29 ሄክታር ይበቃል። ከተጣራ በኋላ በየሜትር ኩቡ 20 ግራም ናይትሮጂን ቢቀር፣ ጠቅላላው 5,840 ኪሎ ግራም ነው። ከዩሪያ ማዳበሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን በመሆኑ፣ ይህ ከ127 ኩንታል ዩሪያ ጋር ይስተካከላል። እርግጥ ነው፣ በክረምት መስኖ ስለማያስፈልግ ከዚህ ከፊሉ ያለ ጥቅም ይፈሳል።

ማጣሪያው የግድ ውስብስብ መሆን የለበትም። ፍሳሹ በተከታታይ ኩሬዎች ለሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በመጀመሪያው ኩሬ ደረቁ ቆሻሻ ይዘቅጣል። በሁለተኛው አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጂን ይሠራሉ፤ ባክቴሪያዎችም በዚህ ኦክሲጂን ቆሻሻውን ያብላላሉ። በመጨረሻው ኩሬ ፀሐይና ጊዜ የበሽታ ጀርሞችን ይገድላሉ። የሆድ ትላትል እንቁላልም በየኩሬው ይዘቅጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በጥሬው የሚበላ አትክልት በሚጠጣው ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ እንቁላል በላይ እንዳይገኝ መክሯል። ኩሬዎቹ ሰፊ መሬት ይፈልጋሉ እንጂ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል አይጠይቁም።

ይሁን እንጂ እንደ ክሮሚየም ያሉትን የፋብሪካ ብረቶች ኩሬ አያጠፋቸውም። ስለዚህ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል እዚያው በምንጩ መጣራት አለበት።

እንግዲህ ለማጣሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለጽዳት ብቻ የሚውል ወጪ አይደለም። ውሃና ማዳበሪያ ይገዛል፤ ገበሬውን ከማሳው ሳያፈናቅል የበላተኛውን ጤና ይጠብቃል። ተማሪዎች የየከተማቸውን የሕዝብ ቁጥር ይዘው ይህንኑ ስሌት በክፍል ውስጥ ቢሠሩ፣ በየቦዩ የሚፈሰው ሀብት ምን ያህል እንደሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል።