ጥቁር ሴት ልጅ በአሜሪካ ኮሌጅ

ወደ አሜሪካ ኮሌጅ የምትገባ ጥቁር ሴት ልጅ ከቀለም ትምህርት ሌላ በመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይጠብቃታል፤ ይኸውም ሌሎች ስለ እርሷ ከሚሉትና እርሷ ስለ ራሷ ከምታውቀው የትኛውን እንደምትይዝ መለየት ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚያ አገር ስለሚኖሩ፥ ልጆቻቸውም በነዚሁ ኮሌጆች ስለሚማሩ፥ ነገሩ ለኛ ቤተሰቦች የሩቅ ወሬ አይደለም።

ማሚ ክላርክ የተባለችው ጥቁር ሴት በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስለ ጥቁር ሕፃናት የጻፈችው ጥናት ለብዙ ምርምር መነሻ ሆነ። ከባለቤቷ ከኬኔት ክላርክ ጋር ሆና ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው 253 ጥቁር ሕፃናት በቀለም ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶች አቀረቡላቸው፤ የሚበዙትም ሕፃናት ነጩን መረጡ። በ1954 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ በፈረደ ጊዜ የኬኔት ክላርክን ጽሑፍ ጠቅሶታል።

ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ጥቁር ሰው ሁሉ ራሱን ይንቃል ብለው ደመደሙ። እኛ ይህን አንቀበልም። ሮዘንበርግና ሲሞንስ በ1971 ያወጡት ጥናት የባልቲሞር ጥቁር ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ ከነጮቹ እንደማያንስ አሳይቷል። ዊልያም ክሮስም በ1991 ስለ ወገን ያለ አስተያየትና ስለ ራስ ያለ አስተያየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጻፈ። በእናቷ ቤት ተወዳ ያደገች ልጅ ራሷን ሳትንቅ፥ ስለ ወገኗ የሰማችው ክፉ ወሬ ግን በልቧ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

ይኸው ክሮስ በ1971 የማንነትን መንገድ በየደረጃው ገልጾ ነበር። አስቀድሞ ልጅቱ ስለ ቀለሟ ብዙ አታስብም። ኋላ አንድ ነገር ይገጥማታል፤ መምህሩ መልካም ጽሑፏን አይቶ «በእውነት አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ይላታል፥ ወይም የክፍል ጓደኛዋ ሳታስፈቅድ ጠጕሯን ትዳስሳለች። ከዚያ ወዲያ በጥቁርነቷ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ስታለሳልሰው የኖረችውን ጠጕሯን እንደ ተፈጥሮው ትተወዋለች፥ ከጥቁር ልጆች ጋር ብቻ ትቀመጣለች፥ አንዳንድ ጊዜም ወላጆቿን ትቈጣለች። (ወላጆች የሚደነግጡት በዚህ ጊዜ ነው፤ ባይደነግጡ ይሻላል።) በመጨረሻ ልቧ ያርፋል፤ ወገኗን ለመውደድ ሌላውን መጥላት አያስፈልጋትም።

የጥቁር ሴቶች ኮሌጆች ጥቅም በዚህ ይታያል። ስፔልማን ኮሌጅ በ1881 በአትላንታ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በ11 ተማሪዎች ተጀመረ። የመሠረቱት ሁለት ነጭ ሴቶች ሲሆኑ፥ ጆኔታ ኮል በ1987 የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ፕሬዚዳንት እስክትሆን ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ ግቢ አንደኛ የወጣችውም፥ የወደቀችውም፥ ተናጋሪዋም፥ ዝምተኛዋም ጥቁር ሴት ስለሆነች፥ አንዲቱ ስለ ወገኗ ሁሉ መልስ እንድትሰጥ አትጠየቅም።

የኢትዮጵያውያን ልጅ ግን ሌላም ሸክም አለባት። በቤቷ «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» ሲባል ሰምታ ታድጋለች፤ በኮሌጅ ግን የአገሩ ሰው የሚያያት እንደ ጥቁር ነው። ይህን ቃል በማዕድ ላይ የሚናገር ወላጅ ልጁ ጓደኞቿን እንድትንቅ ያስተምራታል፤ ስድቡ በእርሷ ላይ ሲደርስም ለማን ትነግራለች? ሐበሻነትና ጥቁርነት በአንዲት ልጅ ላይ ሳይጣሉ ይኖራሉ። ለዕረፍት ስትመጣ እናቷ «ጠጕርሽን ምን አደረግሽው?» ከማለቷ በፊት ቡናውን አፍልታ ከጐኗ ብታስቀምጣት፥ ልጅቱ ሳትጠየቅ ብዙ ትናገራለች።