ማሸነፍ ብቻውን ቡድንን አያድንም

ሴት ልጅዎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመጫወቻ ጊዜ አላት? ወይስ ደብተሯን እንዳስቀመጠች ማጀት ትገባለች? ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምናወጋችሁ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኔሶታ ስለተመሠረተ አንድ የዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ነው።

ጨዋታው የበረዶ ሆኪ ይባላል። ከየወገኑ በረኛዋን ጨምሮ 6 ተጫዋቾች ስለት ያለው ጫማ አድርገው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ከጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ነገር በዱላ እየመቱ ግብ ለማግባት ይታገላሉ። መደበኛው ጊዜ ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው።

የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2012-13 የውድድር ዘመን 41 ጊዜ ተጋጥመው 41 ጊዜ አሸነፉ። አንድም ጊዜ አቻ አልወጡም። አማንዳ ኬሰል የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብላ ተሸለመች። ግቡን የጠበቀችው ከፊንላንድ የመጣችው ኖራ ራቲ ነበረች።

ይሁንና ድሉ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። በሩብ ፍጻሜው የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ከ100 ደቂቃ በላይ ታገሏቸው። አሸናፊው የተለየው በሦስተኛው ተጨማሪ ጊዜ ነው፤ ውጤቱም 3 ለ 2 ሆነ። በመጨረሻም ሚኔሶታ ማርች 24 ቀን 2013 ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 6 ለ 3 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ለዚህ ድል የልጆቹ ጥረት ብቻ አልበቃም። በ1972 በትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ በአሜሪካ ወጣ። በ1997 ዩኒቨርሲቲው የሴቶች ሆኪ ቡድን አቋቋመ፤ በ2002 ደግሞ ለሴቶች ሆኪ ተብሎ የተሠራ አዳራሽ ተከፈተ። ጊዜም ቦታም ያገኙ ልጆች ፍሬ አሳዩ።

ያን ያህል የታገለው የሰሜን ዳኮታ ቡድንስ? በኖቬምበር 2013 ሚኔሶታን 3 ለ 2 አሸንፎ ለ62 ግጥሚያዎች የዘለቀውን የድል ጉዞ የገታው እርሱ ነው። ነገር ግን በ2017 ዩኒቨርሲቲው በጀት አጠረኝ ብሎ ይህን ቡድን አፈረሰው። የወንዶቹ ሆኪ ቡድን ቀጠለ። በዓመቱ፣ በደቡብ ኮሪያው የክረምት ኦሊምፒክ፣ አሜሪካ በፍጻሜው ካናዳን ስትረታ አቻ ያደረገችውን ግብ ሞኒክ ላሞሩ፣ አሸናፊዋን የፍጹም ቅጣት ምት ጆሰሊን ላሞሩ አስቆጠሩ። ሁለቱ መንትያ እህትማማቾች የዚያ የፈረሰው ቡድን ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ ወደየቤታችን እንመለስ። ኑሮ ሲከብድና ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የማን ድርሻ ነው? ሳህኑን ወንድሟ ቢያጥብ፣ ቡናውን አባትየው ቢያፈላ የሚጎድል ነገር የለም። ልጅቷ ግን በቀን አንድ ሰዓት ታገኛለች። ዛሬ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ይህንኑ ተነጋገሩበት።