ጎተራው ሞልቶ መልእክተኛው ሲቀር

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃን ክንድ የሚለኩበት ጥብጣብ ቀለሙ ሦስት ነው፦ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ያለፈ ቀለም የለውም፤ የተሠራው ለከሳ ልጅ ነዋ። ክንዱ የሞላ ልጅ ይመረቃል እንጂ ታሟል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የካምብሪጅ ሐኪሞች ስለ ሁለት ዘመዳማቾች ልጆች ጻፉ። የስምንት ዓመቷ 86 ኪሎ፣ የሁለት ዓመቱ 29 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። የጎደላቸው ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ነው። ስብ የገላችን ጎተራ ቢሆን፣ ሌፕቲን «ሞልቷል» ብሎ ለአንጎል የሚነግር መልእክተኛ ነው። እሱ ሲቀር አንጎል ጎተራው ባዶ ይመስለዋል፤ ልጁም በልቶ አይጠግብም። ሆዳምነት ሳይሆን የእውነት ረሃብ ነው። ሌፕቲኑ በመርፌ ሲሰጣት ልጅቷ ከሳች።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ መልእክተኛው ይላካል፣ መንገዱ ግን ተቆርጧል። ለእነዚህ የተሠራው ሴትሜላኖታይድ የተቆረጠውን ዘልሎ አንጎል ውስጥ ያለውን የመጨረሻ በር ያንኳኳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመው ሙከራ በአንደኛው የዘረመል ጉድለት 10፣ በሌላው 11 ሰዎችን ብቻ ይዞ ነበር። በተለመደው ሙከራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድኃኒቱን በሚወስዱና በማይወስዱ ለሁለት ይከፈላሉ። አሥር ሰው ምኑ ይከፈላል? ስለዚህ እያንዳንዱ ታካሚ ከራሱ ጋር ተወዳደረ። ክብደት ከቀነሱ በኋላ ለአራት ሳምንት፣ መቼ እንደሆነ ሳይነገራቸው፣ መድኃኒት የሌለው መርፌ ተወጉ። ረሃቡም ኪሎውም ተመለሰ። መድኃኒቱ ሲቀጥል ደግሞ ረገበ። እኔን ከውጤቱ ይልቅ የገረመኝ ይህ ብልሃት ነው። በዓመቱ ከ10ሩ 8ቱ፣ ከ11ዱ 5ቱ ቢያንስ የክብደታቸውን አሥረኛ እጅ ቀንሰው ተገኙ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች። የብዙዎቹ ቆዳ ግን ጠቆረ፤ የቆዳን ቀለም የሚያዝዘውንም በር ያንኳኳልና።

እንዲህ ያለው ጉድለት የሚታየው ልጁ የተበላሸውን ዘረመል ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ዕድሉ ይሰፋል። የጎጃም ሽማግሌ ልጅ ከመዳሩ በፊት እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ዘረመል አውቆ ባይሆንም፣ የጉድለቱን መግቢያ በር አጥብቦታል። አጠበበው እንጂ አልዘጋውም። ቡሬ ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ክንዱ የሞላ ልጇን ስታስመዝን ከኪሎው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው እንግዲህ ይህ ነው፦ ጡት ጠብቶ ወዲያው፣ ቀንም ሌትም፣ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ እንደራበው ያለቅሳል ወይ?