«ነገ ትምህርት አለ ወይስ የለም?» ዒድ በሞያሌ



የረመዳን መጨረሻ ሲቃረብ እዚህ ሞያሌ ተማሪዎች መውጫ መግቢያ የሚያሳጡን በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ቲቸር፣ ነገ ትምህርት አለ ወይስ የለም?» ይሉናል። መልሱን ርእሰ መምህሩም አያውቁትም። የበዓሉን ቀን ከዓመት በፊት እየቆጠርን ላደግን ክርስቲያኖች ይሄ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። ገና ታኅሣሥ 29 (አንዳንድ ዓመት 28) ነው፤ አለቀ። የዒድ ቀን ታዲያ ለምን ቀድሞ አይቆረጥም?

ነገሩ የጨረቃ ነው። የሂጅራ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ የትኛው እንደሚሆን የሚታወቀው በ29ኛው ቀን ማታ አዲሷ ጨረቃ ስትታይ ወይም ሳትታይ ስትቀር ነው። በኬንያ ዋናው ቃዲ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ያስታውቃል። ሞያሌ ሁለት አገር ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ሰዉ የሁለቱንም ወሬ ይጠብቃል። ዓመቱም ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ በዚያው ልክ ቀደም ብሎ ይገባል።

ሕጉም ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ሦስቱም ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ በዓል ናቸው። ከዚያ በፊት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለሃይማኖት እኩልነት ትልቅ ሰልፍ ወጥቶ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በኬንያ ሕግ ግን ለሁሉም ሰው በዓል የሆነው ኢድ አልፈጥር ነው። አረፋ በሕጉ የተጻፈው ለእስልምና ተከታዮች ነው፤ መንግሥት ብዙ ጊዜ ለሁሉም ያውጀዋል እንጂ። መውሊድ የለም። ስለዚህ በመውሊድ ቀን አንድ ልጅ ሲቀር «ሰበብ ነው» ብላችሁ አትቆጡት። እሱ ባደገበት አገር ያ ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ነው።

የዒድ ለት ጠዋት ሰዉ አዲሱን ልብስ ለብሶ ሜዳ ላይ ይሰግዳል። ከሶላቱ በፊት ዘካተል ፊጥር መውጣት አለበት፤ በነፍስ ወከፍ ወደ 2 ኪሎ ተኩል እህል ነው፣ ለሕፃን ሳይቀር። ይሄ የሀብታም ግዴታ ብቻ አይደለም። የዕለቱ ጉርስ ተሟልቶለት የተረፈው ሁሉ ይሰጣል። በራሽን የሚኖር ቤተሰብም ከጎረቤት የተቀበለውን ያህል ከራሱ ሩዝ ሰፍሮ ለሌላ ሲሰጥ ታያላችሁ።

ከሶላት በኋላ ግብዣ ነው፤ እኛ ክርስቲያኖቹ የምንጨነቀውም እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ነገር አለ፤ የሁለቱም ወገን ሰው ያውቀዋል፣ አይቀየምም። ከናይሮቢ በኩል የመጣ ኬንያዊ ክርስቲያን ግን ይሄ አይገባውም፤ እሱ ፒላውን ይበላል፣ እኛን ደግሞ ምን ሆነው ነው ብሎ ያየናል። የባሰው የቀኑ መገጣጠም ነው። በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሦስቱንም ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ረመዳን በወሩ ያልቃል፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ዒድ ሲመጣ እንግዲህ ኦርቶዶክሱ ገና ጾም ላይ ነው፤ ሥጋው ቀርቶ የኬንያ ሻይ እንኳ ወተት አለበት። መላው ቀላል ነው፤ «ቻይ ያ ራንጊ» በሉ፣ ወተት የሌለበት ሻይ ይመጣላችኋል። ቴምርም አለ። ዋናው ሄዶ «ዒድ ሙባረክ» ማለቱ ነው፤ ባዶ ሳህን ከባዶ ወንበር ይሻላል።

የራሳችን በዓልስ? ኬንያ ፋሲካን በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 22 አከበረች፣ እኛ ሚያዝያ 27። በ2017 ግን ሁለቱም ሚያዝያ 12 ላይ ዋሉ። ፋሲካ እሑድ ስለሆነ ትምህርት ላይ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ገና ነው። ታኅሣሥ 29 በፈረንጆቹ ጥር 7 ሲሆን የኬንያ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ተርም የሚከፍቱበት ሰሞን ላይ ይወድቃል፤ በ2017 ዓ.ም. በዋዜማው ታኅሣሥ 28 ተከፍቶ ነበር። መጽሐፍ ሲታደልና ወንበር ሲያዝ የእኛ ልጅ የለም። ሲመለስ ኋላ ተቀምጦ መጽሐፍ ለሦስት ይካፈላል። ተሻግሮ ከዘመድ ጋር ማክበርም ለስደተኛ አይሆንም፤ ወደ ሸሸው አገር ለበዓል ብሎ መግባት የስደተኝነት ጥበቃውን ጥያቄ ውስጥ ሊከትበት ይችላል።

እኛ የጀመርነው እንዲህ ነው። በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ የሁለቱን አገር ቀን ጎን ለጎን ጽፈን የዒድን ሳምንት በእርሳስ እናከብበታለን። በዚያ ሳምንት ፈተና አናወጣም። የገና ሰሞን ደግሞ ወላጆች ልጃቸው እንደሚቀር ቀድመው በጽሑፍ ያሳውቃሉ፣ መጽሐፉም ይቀመጥለታል። ካኩማና ዳዳብ ያላችሁ መምህራን፣ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚደረግ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።