አዲስ ዕቃ ከመሥራት በፊት ገዢን ስለ መመርመር

አንድ ባለሙያ አዲስ ዕቃ ሠርቶ ለገበያ ከማቅረቡ አስቀድሞ፣ «ይህን ዕቃ ማን ይገዛዋል? ስለ ምንስ ይገዛዋል?» ብሎ መመርመር ይገባዋል። ይህን ሳያደርግ ገንዘቡን የሚያፈስ ሁሉ እግር ሳይለካ ጫማ እንደሚሰፋ ሰው ይቆጠራል። ዕቃው ከመደርደሪያ ሳይነሣ ሲቀርም የሚጐዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የሠራተኞቹም እንጀራ አብሮ ይቋረጣል።

«እንግዲያውስ ገዢውን መጠየቅ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ መጠየቅ የምርመራ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ሰው ይሉኝታ ስላለበት የሆዱን በሆዱ ይዞ ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ለዚህም የሚከተለው ታሪክ ምስክር ነው።

በአሜሪካ አገር በሙቅ ውሃ የሚሟሟው ኔስካፌ ለገበያ በቀረበ ጊዜ፣ ያልወደዱት የቤት እመቤቶች ምክንያቱን ሲጠየቁ «ጣዕሙን አንወደውም» ይሉ ነበር። ሜሰን ሄር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ ግን መልሱን ተጠራጠሩ። ስለዚህ ሁለት የአስቤዛ ዝርዝሮች አዘጋጁ። በሁለቱም ላይ የተፈጨ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ካሮት፣ ድንች፣ የቆርቆሮ ኮክና ይህን የመሳሰለው ተጽፎ ነበር፤ ልዩነታቸው በአንደኛው ኔስካፌ፣ በሁለተኛው ግን የተለመደው የተፈጨ ቡና መኖሩ ብቻ ነው። ከዚያም ለ100 ሴቶች ለግማሾቹ አንዱን፣ ለግማሾቹ ሌላውን እያሳዩ፣ «ይህን አስቤዛ የገዛችው ሴት ምን ዓይነት ሰው ትመስላችኋለች?» ብለው ጠየቁ።

በ1950 በወጣው ጥናታቸው እንደ ተገለጸው፣ ኔስካፌ ያለበትን ካዩት ከመቶ 48ቱ ሴትዮዋን ሰነፍ ብለዋታል፤ ሁለተኛውን ካዩት ግን እንዲህ ያሉት ከመቶ 4ቱ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የጣዕሙ ነገር ቢኖርም፣ ከበስተ ጀርባው «ባለሙያ አይደለችም እባላለሁ» የሚል ስጋት ነበረ። መልሱን እንዳለ የተቀበለ ፋብሪካ ጣዕሙን ብቻ ሲያሻሽል በኖረ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። ለምሳሌ አዲስ የከሰል ምድጃ ለመሥራት ያሰባችሁ እንደ ሆነ፣ ወዳጅ ዘመድን ብቻ አትጠይቁ፤ ደስ እንዲላችሁ ያመሰግኑታልና። «ትወጂዋለሽ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ሳምንት ስንት ብር ከሰል ገዛሽ? ምን ምን ሠራሽበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም ወጥ ስትሠራ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ ድስቱ ሲያዘነብል፣ እጇ ሲቃጠል፣ ዓመዱ ሲያስቸግራት ታያላችሁ። በመጨረሻም ጥቂት ምድጃዎች ብቻ ሠርታችሁ በዋጋ ሽጡ። ምስጋና በነጻ ይገኛል፤ ገንዘብ ግን ያለ ፈቃድ ከኪስ አይወጣም። ከወር በኋላ ተመልሳችሁ፣ ምድጃው ጥላሸት ለብሶ እንደ ሆነ ወይም አዲስ እንደ ሆነ ጥግ ተቀምጦ እንደ ሆነ እዩ።

ምርመራ ግን አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም። የሊቁ ጥናት ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ሲደገም፣ ያ ነቀፋ ቀርቶ ተገኝቷል። የሰው ልብ ከዘመን ጋር ይለወጣልና፣ ነጋዴም ሆነ ባለሙያ ጆሮውንና ዓይኑን ከገዢው ማራቅ የለበትም።