በሊትር ስንት ይሄዳል? የናፍጣ ፒክአፕ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ መንገዶች

በሰሜን ወሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የመንገድና የመስኖ ፕሮጀክቶች እንዲሁም አቅም ያላቸው ነጋዴዎች አዘውትረው የሚገለገሉበት መኪና፣ ከኋላው ክፍት የጭነት ሣጥን፣ ከፊቱ ደግሞ ነጠላ ወይም ድርብ ጋቢና ያለው የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ስለዚህ መኪና ገዢውም፣ የስምሪት ኃላፊውም፣ ሾፌሩም ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ሲሆን፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ስምንት፣ ዘጠኝ ወይም አሥር የሚል አንድ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን የመኪናው ብቻ አድርጎ መውሰድ ያሳስታል፤ ያው የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲጓዝ የሚያሳየው ፍጆታ፣ ጭኖ ከወልድያ ወደ ድልብ ሲወጣ ከሚያሳየው እጅግ የራቀ ነውና፣ ቁጥሩ የመኪናውን ያህል የመንገዱ፣ የጭነቱና የሾፌሩም ነው።

የነዳጅ ፍጆታ በሁለት መንገድ ይገለጻል። በኢትዮጵያ የተለመደው አንድ ሊትር የሚያስኬደውን ኪሎ ሜትር መቁጠር ሲሆን፣ የአውሮፓ አምራቾች መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚፈጀውን ሊትር ይጽፋሉ። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር፣ በሊትር 8 የሚሄደው ደግሞ 12.5 ሊትር ይፈጃል። ልዩነቱ በቃል ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ መኪና ልዩነቱ 500 ሊትር ነው። በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር በአዲስ አበባ 49 ብር ከ02 ሳንቲም የነበረው የአንድ ሊትር ነጭ ናፍጣ ዋጋ፣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ 98 ብር ከ98 ሳንቲም በመድረሱ፣ ያ 500 ሊትር በዚያን ጊዜ ዋጋ ወደ 50,000 ብር ይጠጋ ነበር።

ፒክአፑ ናፍጣን የመረጠበት ምክንያት በሞተሩ አሠራር ውስጥ ይገኛል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁንና አየሩን ቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ሲያቀጣጥል፣ የናፍጣ ሞተር አየሩን ብቻ ወደ ሲሊንደር አስገብቶ፣ በፒስተን ከ15 እስከ 22 እጥፍ አምቆ ያግለዋል፤ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ሲሠራበት ጫፉ የሚሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጋለው አየር ላይ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ናፍጣ ያለ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ያስመረመረው ሞተር ከነዳጁ ኃይል 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ የለወጠ ሲሆን፣ ቶዮታ በ2015 እ.ኤ.አ. ለአዲሱ ትውልድ የናፍጣ ሞተሮቹ ያስታወቀው ከፍተኛ ውጤት 44 በመቶ ደርሷል። የቤንዚን ሞተር ኃይሉን የሚቆጣጠረው የሚገባውን አየር በማነቅ በመሆኑ፣ በቀስታ ሲነዳ እንኳ አየር ለመሳብ ኃይል ያባክናል፤ የናፍጣ ሞተር ግን የሚቀንሰው የሚረጨውን ነዳጅ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ናፍጣ ከቤንዚን የሚከብድ በመሆኑ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአሥር በመቶ በላይ ብልጫ ያለው ኃይል ይይዛል። ናፍጣ በሊትር ብዙ ያስኬዳል ሲባል የምስጋናው ከፊል ለሞተሩ፣ ከፊሉ ደግሞ ለፈሳሹ ክብደት ነው።

በአካባቢው መንገዶች የሚታዩት ፒክአፖች ግን የአንድ ዘመን ሥራዎች አይደሉም። ቱርቦ የሌላቸው አሮጌዎቹ ሃይሉክሶች፣ ባለ 4.2 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ዲ ፎር ዲ በሚል ስም የታወቁት ባለ 2.5ና ባለ 3 ሊትር ሞተሮች፣ ዲማክሱም፣ የቅርቡ ባለ 2.4 ሊትር ሃይሉክስም ጎን ለጎን ይሠራሉ። በእነዚህ መካከል ከሁሉ የሚጎላው ልዩነት ቱርቦ ነው፤ ቱርቦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ትንሽ ማራገቢያ ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር በአምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በወልድያ ከፍታ ለሚረጨው ናፍጣ የሚበቃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው፣ ሾፌሩ ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ሲረግጥ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያ ጭስ ገንዘብ ተከፍሎበት ሥራ ያልሠራ ናፍጣ ነው።

የፋብሪካው መግለጫ ለባለ 2.4 ሊትሩ ሃይሉክስ የሚሰጠው ፍጆታ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 8 ሊትር፣ ማለትም በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህን ያህል በዕለት ጉዞ የሚያገኝ ሾፌር ግን ጥቂት ነው። የጉድለቱ መነሻ የግድ የመኪናው ብልሽት አይደለም፤ የመግለጫው ቁጥር የሚገኝበት ፈተና የሚካሄደው በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ፣ በታወቀ የሙቀት መጠንና በተወሰነ ፍጥነት ሲሆን፣ በአውሮፓውያኑ የፈተና ሥርዓት ውስጥ ዳገት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ዳገት የሌለበት ፈተና ደግሞ ለሰሜን ወሎ የሚነግረው ትንሽ ነው።

ዳገት የሚጠይቀውን ነዳጅ በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ሽቅብ 100 ሜትር ከፍ ለማለት ወደ 2.5 ሜጋጁል የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል፤ ሜጋጁል የኃይል መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋጁል ያህል ይይዛል። ሞተሩ ከዚህ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ከታሰበ፣ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ የአንድ ሊትር አምስተኛ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። መርሳ በ1,600 ሜትር ገደማ፣ ሲሪንቃ በ1,850 ሜትር፣ ወልድያ ደግሞ ከዚያ ከፍ ብላ በመቀመጧ፣ የከፍታው ልዩነት 400 ሜትር ቢባል እንኳ ከመርሳ ወልድያ መውጣት ለሜዳው ጉዞ ከሚያስፈልገው በላይ 0.8 ሊትር ይጠይቃል። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሜዳው ፍጆታም 3 ሊትር ቢሆን፣ ጭማሪው ከሩብ በላይ ነው። ከወልድያ ተነሥቶ በድልብና በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚያልፈው፣ ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ ደግሞ ገና ጋሸና ሳይደርስ ከ1,000 ሜትር የማያንስ ከፍታ ስለሚያስወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ሁለት ሊትር ይበላል።

ወደ ላይ የወጣው ኃይል ቁልቁል ሲወረድ ለምን አይመለስም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የ400 ሜትሩ ቁልቁለት በ30 ኪሎ ሜትሩ ላይ እኩል ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ መኪናው የጎማውንና የነፋሱን ጫና በክብደቱ እየታገዘ እያሸነፈ ስለሚወርድ አብዛኛው ኃይል በተመለሰ ነበር። እውነተኛው መንገድ ግን ቁልቁለቱን በአጫጭርና ጠመዝማዛ ስፍራዎች ያከማቸ በመሆኑ፣ ኩርባው ፍሬን ያስይዛል፤ ፍሬን የያዘውም ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። አንዳንድ ሾፌሮች በዚህ ስፍራ ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ይለቃሉ። ይህ ልማድ አደገኛ ከመሆኑም ሌላ በጠንካራ ቁልቁለት ላይ የታሰበውን ቁጠባ አያስገኝም፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የሞተሩ መቆጣጠሪያ የናፍጣውን መርጨት ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረውም መንኮራኩሩ ይሆናል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያለማቋረጥ ነዳጅ ይፈልጋል፤ መኪናውን የመያዙ ሸክምም በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ከዳገትና ከቁልቁለት የሚመነጭ ሌላ ስሕተት ደግሞ በሒሳብ ላይ የሚሠራው ነው። ከመርሳ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ወልድያ ሲወጣ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ 14 የሄደ ፒክአፕ አማካዩ 10.5 ነው ተብሎ ይያዛል እንበል። መኪናው ሲወጣ 4.3 ሊትር፣ ሲወርድ 2.1 ሊትር ስለፈጀ፣ በ60 ኪሎ ሜትር 6.4 ሊትር ጨርሷል፤ እውነተኛው አማካይ 9.3 እንጂ 10.5 አይደለም። ናፍጣ በ10.5 ሒሳብ የተሰጠው ሾፌር በእያንዳንዱ ደርሶ መልስ ሰባት አሥረኛ ሊትር ይጎድለዋል፤ በወር ሃያ ጊዜ ቢመላለስ ጉድለቱ 14 ሊትር ይሆንና፣ ምንም ሳያጠፋ በነዳጅ አጉዳይነት ሊጠረጠር ይችላል።

ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች የሚገባው ፒስታ መንገድ ስሌቱን እንደገና ይለውጠዋል። ጠጠሩና አሸዋው ጎማውን ስለሚይዙት፣ መኪናውም በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየተጓዘ በየጉድጓዱ ፍጥነቱን ጥሎ እንደገና ስለሚያነሣ፣ ርቀቱ ትንሽ ቢሆንም ሞተሩ የሚሠራበት ሰዓት ረጅም ነው። ጭቃ ሲበዛ አራቱም ጎማ እንዲያሽከረክር የሚያደርገው ፎር ዊል ይያዛል፤ መሬቱ ከደረቀ በኋላ ሳይለቀቅ ከቀረ ግን የፊትና የኋላ ጎማዎች እርስ በርስ እየተጓተቱ ናፍጣም ጎማም ይጨርሳሉ። በበጋ አቧራው የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ለአስፋልት መኪና የተጻፈውን የሰርቪስ ኪሎ ሜትር ጠብቆ ማጣሪያ መቀየር ለእንዲህ ያለው መኪና እጅግ የዘገየ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ማጣሪያውን አውጥቶ፣ ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

በቆቦ ሜዳ ላይ እንደሚገኘው ባለ ለጥ ያለ መንገድ ደግሞ ተጠያቂው ፍጥነት ነው። የነፋስ ጫና በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ማለት የነፋሱን ጫና ከግማሽ በላይ ይጨምረዋል፤ በፖርቶመጋላ ላይ የታሰረ ዕቃ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። የማርሽ አያያዝም ከዘመን ጋር ተለውጧል፤ የቅርቡ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ ከ1,600 እስከ 2,000 ዙር ላይ በመሆኑ፣ በአሮጌው ሃይሉክስ ሞተሩን አስጩኾ መንዳት የለመደ ሾፌር ያንኑ ልማድ ይዞ አዲሱን ሲነዳ ያለ ጥቅም ናፍጣ ያቃጥላል።

ይህን ሁሉ ለመመዘን የሚያገለግለው መሣሪያ ውድ አይደለም። ሳልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንከሩ፣ እስከ አፉ ይሞላና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይመዘገባል፤ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ በዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ ይሞላና የተሄደው ኪሎ ሜትር ለተጨመረው ሊትር ይካፈላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰሎቹ መፈጸሙ የግዢውን ቀንና መጠን መዝግቦ ስለሚያስቀር፣ ለዚህ ዓይነቱ ልኬት ከወረቀት ኩፖን የተሻለ ማስረጃ ይተዋል። ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚገዛው ግን መጠኑም ጥራቱም ስለማይታወቅ ልኬቱን ያበላሻል። ከፋብሪካው ልክ በአምስት በመቶ የሚተልቅ ጎማ የተገጠመለት መኪናም ቆጣሪው ከእውነተኛው ርቀት አሳንሶ ስለሚያነብ፣ ሳይበዛ የበዛ ፍጆታ ያሳያል።

ስለዚህ ለአንድ ፒክአፕ አንድ ልክ መወሰን የሚመችው ለጸሐፊው እንጂ ለሥራው አይደለም። ለአስፋልት ሜዳ፣ ለዳገት መንገድና ለፒስታ ሦስት የተለያዩ ልኮች፣ በራሱ በመኪናው ላይ ተለክተው ቢያዙ ፍትሐዊ ከመሆናቸውም በላይ ብልሽትን አስቀድመው ይጠቁማሉ። በመርሳና በወልድያ መካከል በተመሳሳይ ጭነት በሊትር 9 ይሄድ የነበረ መኪና ወደ 7.5 ከወረደ፣ ፖምፓና ኢንጀክተር ከማስፈታት በፊት የሚታዩ ርካሽ ነገሮች አሉ፤ የጎማው ንፋስ፣ የአየር ማጣሪያው፣ የናፍጣ ፊልትሮው፣ ከዚያም ተጣብቆ የማይለቅ ፍሬን። የመጨረሻውን ለማወቅ በሜዳ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ያለ ብዙ ፍሬን ነድቶ ማቆምና እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ይበቃል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለው ቸርኬ ፍሬኑ ተጣብቋል።