የቦረና የኤላ ዘፈን ስለ ምድሩ የሚናገረው

የሰው ልጅ በተፈጥሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሥነ ጥበብ እንዴት እንደሚያሳይ ሲነሣ፥ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው በከተማ የሚታየውን ሥዕል ነው። በእርግጥም ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ያገኘውን አሮጌ የኮምፒዩተር ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ፥ ከሩቅ ሲያዩት ከሰማይ የታየ አገር የሚመስል ሥራ ማውጣቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሸራና ሙዚየም በሌለበት በጠረፍ አገርም ይኸው ምስክርነት አለ። እኛ ዛሬ የምናነሣው ይህንኛውን ነው።

ሶሎሎ ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፥ ከኢትዮጵያ ደጋ ግርጌ፥ በኬንያ ወገን የምትገኝ የቦረናዎች አነስተኛ ከተማ ናት። በ1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ስለ ወሰኑ ሲዋዋሉ፥ በሁለቱ ወገን ያሉት ከብት አርቢዎች እንደ ቀድሞው በግጦሹና በውሃው እንዲጠቀሙ ተስማምተው ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቱላ የሚባሉት ዘጠኙ የታወቁ የኤላ ስፍራዎች፥ እነ ዱብሉቅ፥ እነ ዌብ፥ እነ መልባና፥ በኢትዮጵያ ምድር ቀርተዋልና።

ኤላ በእጅ የተቆፈረ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ 30 ሜትር ያህል የሚጠልቅም አለ። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በርብራብ ላይ ተደራርበው ይቆሙና ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውሃውን ወደ ገንዳው ያወጡታል። አባ ሄረጋ የሚባለው ሰው የመንጋውን ተራ ያስከብራል። ሥራው ሲሠራ ይዘፈናል፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል፤ ክንዱም የዘፈኑን ምት ተከትሎ ይሄዳል። የሚወደሰው ከብቱ ነው።

ባልዲው ራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ ኦኮሌ ይባል የነበረው ባልዲ እንደ ቀጭኔ ካሉት የዱር አራዊት ቆዳ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ በእጅ የሚተላለፈው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። የፋብሪካው ዕቃ መርከሱ ድርሻ ቢኖረውም፥ አውሬው ከአገሩ ማነሱም የሚዘነጋ አይመስለንም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሣሩ ጉዳይ ነው። ቦረናዎች ከጥንት ጀምሮ የግጦሹን ምድር በየጊዜው በእሳት ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ ቁጥቋጦውን ይገታል፥ መዥገሩን ይፈጃል፤ ዝናብ ሲመጣም ለጋ ሣር ይበቅላል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግን በኢትዮጵያ በኩል ማቃጠል ተከለከለ። ክልከላው ለበጎ ታስቦ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሰፊው የሣር ሜዳ ከግራር ወገን በሆነ እሾሃማ ቁጥቋጦ እየተሸፈነ ሄደ። ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ በነበረው ምድርም ኩሬና የሞተር ጉድጓድ ሲወጣ፥ ከብቱ በዚያው ከርሞ ሣሩን ጨረሰው። በጽሕፈት ቤት የሚወጣ ትእዛዝ ከመታተሙ በፊት እረኛው ቢጠየቅ ምን ያህል በጠቀመ!

ላም ያለ ሣር አትኖርም፤ ቁጥቋጦ የሚመቸው ለግመልና ለፍየል ነው። ስለዚህ ብዙ ቦረናዎች ግመል ወደ ማርባት አዘነበሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይዘንቡ ቀርተው እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። እንግዲህ ላም የሚያወድሰው ዘፈን ላም በተመናመነበት ገንዳ ዘንድ ምን ይባልበታል? ጎረቤቶቻቸው ገብራዎች ለግመል የሚዘፍኑት የራሳቸው ዘፈን አላቸው፤ የቦረናው የኤላ ዘፈን ግን የሣር ዘመን ልጅ ነው።

ወጣቱን ከጉድጓድ ውስጥ ድካም ያወጣውን ሞተር የምንነቅፍ አይደለንም። ሆኖም በሞተር አጠገብ ተቀባብሎ የሚዘፍን የለም። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ የገዳን ሥርዓት አጥንተው መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትመዋል፤ ገዳም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ዘፈኑም እንዲሁ ከነትርጓሜው ሊጻፍ ይገባዋል፤ በተለይም በውስጡ የሚጠሩት የሣርና የከብት ስሞች፥ ከሽማግሌዎቹ አፍ እየተጠየቁ።

ለዚህ ሥራ የሚሄድ ሰው በበጋ ይሂድ። ዝናብ ከጣለ ኤላው ያርፋል፤ ዘፋኞቹም መንጋቸውን ተከትለው ይበተናሉ።